ደብተሩ የያዘው፣ ደብተሩ የተወው፦ የአንድ ስዊድናዊ ቤተሰብ ኑሮ በሚኒሶታ ጫካ

አንድ ገበሬ ከ40 ዓመት በላይ በየቀኑ ጻፈ። ስለ ምን ጻፈ? ስለ አየሩ። ስለ እንጨት ፈለጣው። ስለ በሬዎቹ። ዛሬ ማን ሊያግዘው እንደመጣ፣ እሱ ደግሞ ማንን ሊያግዝ እንደሄደ። ለአንድ ቀን አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት። ልቡ ምን እንደተሰማው አይነግርህም። እጁ ምን እንደሠራ ብቻ ነው የሚነግርህ።

ሰውየው አንድሪው ፒተርሰን ይባላል። ከስዊድን ወጥቶ ሚኒሶታ የገባ፣ ጫካ መንጥሮ ዘጠኝ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ደብተሮቹን ዛሬ የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር በቤተ መዛግብቱ ይጠብቃቸዋል። ስለ አሜሪካ ሰፋሪዎች ብዙ ተረት ሰምተናል። አንድ ጀግና ወንድ፣ አንድ መጥረቢያ፣ አንድ ጎጆ፣ ከዚያ ሀብት። የዚህ ሰው ደብተር ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ቤቱ በማን ጉልበት እንደቆመ ያሳያል። ያላሰፈረውን ስንፈልግ ደግሞ ሌላው ግማሽ ታሪክ ይመጣል። ይህንን ጉዳይ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከስም እንጀምር

ሲወለድ አንድሪው አልነበረም። አንደሽ ፔተርሾን ነበር። የተወለደው በ1818 በደቡብ ስዊድን፣ ኦስተርዮትላንድ በሚባል አውራጃ፣ ቬስትራ ሪድ በምትባል አጥቢያ ነው። ፔተርሾን ማለት የፔተር ልጅ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የስዊድን ገጠር የአባት ስም አወጣጥ ከእኛው ጋር አንድ ነበር ማለት ይቻላል። የአንደሽ ልጅ ፔተርሾን አይባልም፤ አንደሾን ነው የሚባለው። ሴት ከሆነች የአንደሽ ልጅ መሆኗን በሚናገር ሌላ መጨረሻ ትጠራለች። ሚስትም ብትሆን የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው።

አሜሪካ ሲገባ ይህ ሁሉ ቀረ። አንደሽ አንድሪው ሆነ። ፔተርሾን ደግሞ ፒተርሰን ሆኖ ደረቀ፣ ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም። ልጆቹ በአያታቸው ስም ተጠሩ። ይህንን ሳነብ ቆም አልኩ። በአሜሪካ ያለ ሐበሻ ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት ቅጽ ሲሞላ የሚገጥመው ነገር ይኸው ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ባዶ ቦታ ላይ የራስን አባት ስም መጻፍ፣ ልጅ በአያቱ ስም ሲጠራ መስማት። ስዊድኖቹ ይህንን ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት አልፈውበታል።

ለምን ወጣ

ፒተርሰን ከአገሩ የወጣው በ1850፣ በ31 ዓመቱ ነው። ከዬተቦሪ ወደብ በመርከብ ተነሣ። ቦስተን ደረሰ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዘልቆ አዮዋ ገባ።

የስዊድን ገጠር በዚያን ጊዜ እየጠበበ ነበር። ሕዝቡ ይጨምራል፣ መሬቱ አይጨምርም። አባት የያዘው ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል ለማንም የማይበቃ ይሆናል። ሌላም ነገር አለ፣ እሱም ሃይማኖት ነው። ስዊድን ውስጥ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ካህን በሌለበት በቤት ተሰብስቦ መጸለይ በ1726 በወጣ ሕግ ተከልክሎ ነበር። ያ ሕግ የተነሣው በ1858 ነው። ፍሬድሪክ ኦላውስ ኒልሶን የተባለ መርከበኛ የነበረ ሰው ሰዎችን በአዋቂነታቸው አጥምቆ የመጀመሪያውን የስዊድን ባፕቲስት ጉባኤ በ1848 አቋቋመ። በዚህ ጥፋቱ ተፈርዶበት ከአገር ተባረረ። በ1853 አሜሪካ ገባ።

ፒተርሰን ከስዊድን የወጣው ባፕቲስት ሆኖ አይደለም። ባፕቲስት የሆነው አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። ግን ይህ ለውጥ የሕይወቱን መንገድ ወሰነው። በ1855 ወደ ሚኒሶታ የተሻገረው ብቻውን አይደለም። ከእምነት ጓደኞቹ ጋር ነው። በክሊርዋተር ሐይቅ ዳር ሰፈሩ። ያ ሐይቅ ዛሬ ዋኮኒያ ይባላል፤ ከሚኒያፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። በዚያው ዓመት ስካንዲያ የምትባል ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ኒልሶን ራሱ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። የሠሯት ትንሽ የጸሎት ቤት ዛሬም አለች፤ ከዓመታት በኋላ ከቦታዋ ተነሥታ አርደን ሂልስ ወዳለው የቤቴል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዳ ነበር።

አገር ቤት ሲከለከል የነበረው ስብሰባ እዚህ የሰፈሩ ምሰሶ ሆነ። እሑድ የሚጸልዩት ሰዎች ሰኞ አብረው እንጨት የሚጥሉት ሰዎች ናቸው። ይህንን ልብ ማለት ያስፈልጋል፣ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

መሬቱ እንዴት ተያዘ

ብዙ ሰው የሚያውቀው የ1862ቱን የሰፋሪዎች ሕግ ነው። 160 ኤከር ያዝ፣ አምስት ዓመት ኑርበት፣ አርሰው፣ ያንተ ይሆናል፤ የምትከፍለው የምዝገባ ወጪ ብቻ ነው። ፒተርሰን ግን ከዚያ ሕግ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው የደረሰው። በእነሱ ጊዜ የነበረው የ1841 ሕግ ነው። ሰፋሪው መሬቱ ላይ ቀድሞ ይገባል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ ከዚያ መንግሥት ለጨረታ ሳያወጣው በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሒሳብ አንዱን ኤከር ይገዛል። ለ160 ኤከር 200 ዶላር መሆኑ ነው። በእኛ ልክ ብናሰላው አንድ ጋሻ ተኩል ያህል መሬት ማለት ነው።

200 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ጫካ ውስጥ ላለ ሰው ጥሬ ገንዘብ ከየት ይመጣል? በ1857 ደግሞ የአሜሪካ ባንኮች ተንኮታኮቱ። ዶላር ከሰፋሪው እጅ ጠፋ። የሚኒሶታን የጫካ ሰፋሪዎች በ1859 ካዳኗቸው ነገሮች አንዱ ጂንሰንግ ነው። ጫካው ውስጥ በራሱ የሚበቅል ሥር ነው። ቻይናዎች ለመድኃኒትነት ስለሚፈልጉት ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ ይገዛዋል። ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ ሳይል ሁሉም መቆፈሪያ ይዞ ጫካ ገባ። የሚኒሶታ ገበሬ ዕዳ ቻይና ገበያ ላይ በተሸጠ ሥር ተከፈለ።

አሁን ስለ ጫካው። ይህ ቦታ በፊልም የምናየው ሜዳ አይደለም። ትልቁ ጫካ ይሉታል፤ ሜፕል፣ ባስዉድ፣ ኤልም የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች የሞሉበት ነው። አንድ ዛፍ ጥለህ አልጨረስክም። ቅርንጫፉ ይመለመላል፣ ግንዱ ይቆረጣል፣ ለቤት የሚሆነው ይለያል፣ ለአጥር የሚሆነው ይሰነጠቃል፣ ቀሪው ይከመርና ይቃጠላል። ከዚያ ጉቶው አለ። ጉቶ በአንድ ቀን አይነቀልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እርሻ በጉቶ መሃል የሚደረግ እርሻ ነው። በቆሎና ድንች በመቆፈሪያ በጉቶዎቹ መካከል ይተከላል። በሬ ጠምዶ ቀጥ ያለ ትልም ማውጣት የሚታሰበው ከዓመታት በኋላ ነው።

ወንፈል

የደብተሩ ልብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መስመሮቹን ተከትለህ ስትሄድ የሰው ስም ይበዛል። እገሌ መጥቶ አገዘኝ። ዛሬ እገሌ ቤት ግንድ ስናነሣ ዋልን። ነገ ደግሞ የእገሌ ድርቆሽ። ፒተርሰን የሠራበትንም የተሠራለትንም ቀን ይመዘግባል። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አለው። ወንፈል ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ፣ ቀን በቀን የሚከፈል የጉልበት ብድር። ቤት ለማቆም ሰው በብዛት ሲጠራ ደግሞ ደቦ ነው።

ለምን ያን ያህል አስፈለገ? የግንድ ቤት ሥራን እንይ። ከታች ያለውን ግንድ አንድ ሰው ከበሬ ጋር ሊያስቀምጠው ይችላል። ግድግዳው ከራስ በላይ ሲሆን ግን አይቻልም። ከባድ ግንድ በተጋደመ እንጨት ላይ እየተገፋ፣ ከላይ በገመድ እየተሳበ ነው የሚወጣው። በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ይቆማል። ጫፉን ጠርቦ ከታችኛው ጋር ያጋጥመዋል። አንዱ ማዕዘን ከዘገየ ሁሉም ይቆማል። ሲያልቅ በግንዶቹ መሃል ያለው ክፍተት በጭቃ ይመረጋል። ይህ ሥራ ብቻውን በሚኖር ሰው አይሠራም።

ጥሬ ገንዘብ በሌለበት አገር የሰው ቀን ገንዘብ ሆኖ ይሠራል። የተበደርከው ቀን ይቆጠራል፤ ደብተሩም በከፊል የሒሳብ መዝገብ ነው። ለዚህ ደግሞ መተማመን ያስፈልጋል። መተማመኑን የሰጣቸው ያ የእሑድ ጉባኤ ነው። ስለዚህ የፒተርሰንን ስኬት በእሱ ብርታት ብቻ የሚያስረዳ ሰው ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ። ብርቱ እንደነበረ አያጠራጥርም። ግን ያለ ጎረቤት ብርታቱ የት ያደርሰው ነበር?

ኤልሳ

ፒተርሰን ወደ ሐይቁ ዳር ሲመጣ ወንደላጤ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲሁ ኖረ። በ1858፣ ሚኒሶታ ራሷ ከግዛትነት ወደ ሙሉ የፌዴራል አባልነት ባደገችበት ዓመት፣ ኤልሳ ኢንገማንን አገባ። አርባ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዘጠኝ ልጆች ወለዱ።

ዘጠኝ ልጆች። ይህንን ቁጥር ዝም ብለን አንለፈው። ደብተሩን የጻፈው ባልየው ነው። የሚጽፈው በዋናነት የራሱን ሥራ ነው። ኤልሳ በእነዚያ አሥርት ዓመታት በየቀኑ ምን እንደሠራች መስመር በመስመር የሚነግረን ሰው የለም።

እርግጥ በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ የአንዲት ገበሬ ሚስት ቀን ምን እንደሚመስል ይታወቃል። ላም ማለብ፣ ወተት ማርጋት፣ ቅቤ መናጥ። የበግ ጠጉር አጥቦ፣ ባዝቶ፣ ፈትሎ ካልሲና ሹራብ መሥራት። ከምድጃ አመድ ኃይለኛ የአመድ ውኃ አጥልሎ ከሞራ ጋር ቀቅሎ ሳሙና ማብሰል። የጓሮ አትክልት፣ ዶሮ፣ ውኃ። ለዘጠኝ ልጅና ለአባወራው ዳቦ መጋገር። ያ ሁሉ ወንፈል የመጣ ሰው ደግሞ ምሳ ይበላል። ደብተሩ «አራት ሰው መጥቶ አገዘን» የሚል ዓይነት መስመር ባሰፈረ ቁጥር ጓዳ ውስጥ ድስት የጣደች ሴት አለች። እኔ ደብተሩን እንደዚያ ነው የማነበው፤ በእያንዳንዱ የወንዶች ስም ጀርባ ያለውን ምድጃ እያሰብኩ።

የገጠር ገበያ ላይም የሴቶቹ ሥራ ዋጋ ነበረው። ስንዴ የሚሸጠው በዓመት አንዴ ነው። ቅቤና እንቁላል ግን በየሳምንቱ ሱቅ ሄደው በቡና፣ በስኳር፣ በጨርቅ ይለወጣሉ። ስዊድኖች ያለ ቡና አይሆንላቸውም። በዚህም ብንቀራረብ አይገርምም።

ነሐሴ 1862

ደብተሩ ከማይመልሳቸው ጥያቄዎች ትልቁ ይኸኛው ነው። መሬቱ ከዚህ በፊት የማን ነበር?

የዳኮታ ሕዝብ ነበር። በ1851 ዳኮታዎች በትራቨርስ ደ ስዩና በሜንዶታ በተፈረሙ ሁለት ውሎች ከ20 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ለአሜሪካ መንግሥት እንዲለቁ ተደረገ። ፒተርሰንና ጓደኞቹ የመጡት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዳኮታዎቹ በሚኒሶታ ወንዝ ዳር በቀጭን መሬት ላይ ቀሩ። ቃል የተገባላቸው ገንዘብ ብዙው በዕዳ ስም ነጋዴዎች እጅ ገባ። በ1862 ክፍያው ዘገየ። ምግብ በመጋዘን ተቆልፎ ሰው ተራበ። በነሐሴ ጦርነት ፈነዳ። ሰፋሪዎች በመቶዎች ተገደሉ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። የዋኮኒያ አካባቢ ከውጊያው ርቆ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ደረሰ። ቤተሰቦች ከብትና እህል ጥለው በጀልባ በሐይቁ መሃል ወዳለችው ደሴት ሸሹ።

እነዚህ ሰዎች የዳኮታን መሬት የወሰዱት በገዛ እጃቸው ነጥቀው አይደለም። መንግሥት ሸጠላቸው፣ ገዙ። ድሆች ነበሩ፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ወንድሞቻቸው የተሰደዱባቸው ነበሩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን እነሱ ቤት ያገኙት ሌላው ቤት ስላጣ ነው። ይህም እውነት ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይከብዳል፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን መናገር ግን ለእኔ ውሸት ነው።

ሰፋሪዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዳኮታዎቹ አልተመለሱም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1862 በማንኬቶ ከተማ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ መድረክ ላይ ተሰቀሉ። በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ጊዜ የተፈጸመ ትልቁ የሞት ፍርድ ነው። ወደ 1,600 የሚሆኑ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ያንን ክረምት በፎርት ስኔሊንግ ምሽግ ሥር በአጥር ተከበው አሳለፉት። ብዙ ሰው እዚያው በበሽታ ሞተ። በ1863 ሕግ ወጥቶ የተረፉት ከሚኒሶታ ተባረሩ። ፎርት ስኔሊንግ የሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ወደ አዲስ ኑሯቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያው ጎን ነው።

ፖሙ

የደብተሩ የኋለኛው ግማሽ በፖም የተሞላ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝም ይህ ክፍል ነው።

በዚያን ጊዜ ሚኒሶታ ፖም አይበቅልባትም ይባል ነበር። ምክንያት ነበረው። ክረምቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይወርዳል። ብርዱ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። በጥር ቀን ፀሐይ ትወጣና የግንዱን ደቡብ ምዕራብ ጎን ታሞቀዋለች። ቅርፊቱ ሥር ያለው ፈሳሽ ይቀልጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ባንዴ ይበርዳል። ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ዛፉ ከውስጥ ይሞታል። ባለቤቱ ግንቦት ላይ ቅጠል ሲጠብቅ ነው መሞቱን የሚያውቀው። ከምሥራቅ አሜሪካ የሚመጡ ችግኞች በየዓመቱ እንዲህ አለቁ።

በዋኮኒያ አቅራቢያ ኤክሴልሲዮር ላይ ፒተር ጊዲዮን የተባለ ሌላ ሰፋሪ ነበር። ብዙ ችግኝ ተክሎ ሁሉም ከሞተበት በኋላ ከሜይን ግዛት ባስመጣው ዘር አንድ ዛፍ ተረፈለት። በሚስቱ ስም ዌልዚ ብሎ ሰየመው። ፒተርሰን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ከሩሲያ የመጡ ዝርያዎችን ሞከረ። ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። የሩሲያን ክረምት የቻለ ዛፍ የሚኒሶታንም ይችላል። ግን ማረጋገጫው አንድ ብቻ ነው፤ መትከልና ዓመታት መጠበቅ።

ሥራው ጣት ይፈልጋል። ከጥሩው ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀንበጥ ትቆረጣለች። የሌላ ጠንካራ ችግኝ ሥር ወይም ግንድ በስለት ይሰነጠቃል። ቀንበጧ ጫፏ በሽብልቅ ቅርጽ ተጠርቦ ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች። የሁለቱ አረንጓዴ ሥጋ በትክክል መነካካት አለበት፤ በፀጉር ያህል ከተሳሳተ አይያዝም። ከዚያ በሰም ተለብጦ ይታሰራል። መጥረቢያና መቆፈሪያ ይዞ ያረጀ እጅ ይህንን ሲሠራ አስቡት። በዚያ ላይ አንድ ዛፍ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈጃል። የጀመረውን ነገር ፍሬ ላያይ ይችላል። ሠራው።

ከ1884 ወደ 1885 የተሻገረው ክረምት የሚኒሶታን የፖም ዛፎች ጠራርጎ ጨረሰ። ፒተርሰን ማሳ ላይ ግን የሩሲያ ዝርያዎቹ ቆመው ተገኙ። የግዛቱ የአትክልተኞች ማኅበር ሰዎች ይህንን አዩ። እርሻው ከማኅበሩ የሙከራ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ከዝርያዎቹ አንዱ በስሙ የፒተርሰን ቻርላሞፍ ተባለ። እንግሊዝኛን ጎልማሳ ሆኖ የተማረ ገበሬ ነው ይህንን ያደረገው። ቁልፉ ደብተሩ ይመስለኛል። የቱ ዛፍ መቼ ተተከለ፣ የቱ ሞተ፣ የቱ ቆየ የሚለውን በልቡ ብቻ የያዘ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ምንም አያስታውስም። እሱ ግን ጽፎታል።

ጊዜው በገፋ ቁጥር የደብተሩ ቋንቋም ተለወጠ። የጻፈው በስዊድንኛ ነው። ግን አጥርን፣ ምንጠራን፣ ገበያን የሚመለከቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በስዊድንኛ ሰዋስው ተጠቅልለው እየገቡ መጡ። አዲስ አገር ላይ ለሚያዩት አዲስ ነገር አዲሱን ቃል ይጠቀማሉ፤ ለጸሎትና ለቤት ደግሞ የጥንቱን። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ሐበሻ ቤት ገብቶ ወሬ የሰማ ሰው ይህንን አያውቀውም?

እርሻው ዛሬም አለ። የካርቨር ካውንቲ ታሪክ ማኅበር ይዞታል። ትልልቆቹ የእንጨት በረቶች ቆመዋል፤ የሰሜኑ በረት ታድሷል። በመጥረቢያ የተጠረቡ ምሰሶዎች ይታያሉ።

ፒተርሰን መጋቢት 31 ቀን 1898፣ በ79 ዓመቱ ሞተ። በደብተሩ ላይ መጨረሻ የጻፈው ከዚያ ሁለት ቀን አስቀድሞ ነው።